ባላው ሲያረጅ

ጃፓን ውስጥ፣ ቶቺጊ በተባለው ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ሀረግ ግንዱ በጄሶ ተጠቅልሎ ከባድ መኪና ላይ ተጫነ። ሀረጉ ዊስቴሪያ ይባላል። ሐምራዊ አበባውን በረጃጅም ዘለላ ቁልቁል የሚያንጠለጥል፣ ዕድሜው ሲገፋ ግንዱ የዛፍ ግንድ የሚያህል ተክል ነው። ውፍረቱ ግን አያታልል፤ ልጡ ስስ ነው፣ ገመድ ከጠበቀበት ይቆስላል፣ የቆሰለው ቦታ ደግሞ ይበሰብሳል። ሥራውን የመሩት ኮናሚ ጹካሞቶ ይባላሉ። በጃፓን የዛፍ ሐኪም የሚለውን ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የተሰበረ እግር እንደሚታሰር ግንዱን በጄሶ አሰሩትና ገመዱ በጄሶው ላይ እንዲያርፍ አደረጉ። ብዙዎች አይሆንም ያሉት ጉዞ እንዲህ ተጀመረ። ሀረጉም 20 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዛሬ አሺካጋ የአበባ ፓርክ ተብሎ በሚታወቀው ቦታ ተተከለ።

እዚያ ሲተከል የተዘረጋበት ዳስ 72 ካሬ ሜትር ነበር። ዛሬ ያው አንድ ሀረግ ከ1000 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍናል። አበባው ሲፈካ ከየአገሩ የሚመጣው ጎብኚ ከሥሩ ቆሞ ወደ ላይ እያየ ፎቶ ያነሳል፤ ማንሳቱም ተገቢ ነው። እኔ ግን ዓይኔ የሚያርፈው በቋሚዎቹና በአግዳሚዎቹ ላይ ነው። 72 ካሬ ሜትር የነበረ ዳስ 1000 እስኪሞላ ድረስ አንድ ሰው በየጊዜው ቅርንጫፉ ወዴት እንደሚሄድ አይቶ ቋሚውን ቀድሞ አቁሞለታል ማለት ነው። ሀረጉ ከደረሰ በኋላ የሚቆም ቋሚ ዘግይቷል። በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የከረመ ቅርንጫፍ በራሱ ክብደት ጎብጦ ይጠነክራል፤ ከዚያ ወዲያ ማቃናት መስበር ነው።

ግቢያችን ውስጥ ወይን፣ ፓሽን ፍሩት ወይም ቡገንቪሊያ ስንተክል ድጋፉን የምንሠራው በእጃችን ለያዝነው ችግኝ ነው። ችግኙ የእርሳስ ያህል ቀጭን ስለሆነ ሁለት አጣናና አንድ ጥቅል ሽቦ ይበቃዋል። ተክሉ ግን ያድጋል፣ አጣናው ያረጃል። እርጥብ አፈር ውስጥ የተቀበረ፣ ምስጥ የሚጎበኘው የባህር ዛፍ እንጨት ዕድሜው በጥቂት ዓመታት የሚቆጠር ነው፤ በደንብ የተያዘ የወይን ግንድ ደግሞ ከተካዩ የልጅ ልጆች ዕድሜ ያልፋል። ስለዚህ የሀረግ ባለቤት ዋና ሥራ ዳስ መሥራት ብቻ አይደለም። ሕይወት ያለው ተክል ከላይ ተኝቶበት ሳለ ዳሱን በየዘመኑ መቀየር ነው። የአትክልት መጻሕፍት ስለ መትከልና ስለ መግረዝ ብዙ ይላሉ፤ ስለዚህኛው ሥራ የሚሉት ግን ትንሽ ነው። ብዙ ያማሩ ሀረጎች የሚጠፉትም እዚህ ላይ ነው።

ድጋፍ ሳይታሰብለት የቀረ ሀረግ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲየራ ማድሬ የምትባለውን ከተማ ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1894 እዚያ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ የዊስቴሪያ ችግኝ ተተከለ። ሌላ ድጋፍ ስላልነበረው ቤቱን ራሱን ተደገፈ። በጣሪያው ላይ ወጣ፣ በየክፍተቱ ገባ፣ ጣሪያውን ተጫነ፤ ውሎ አድሮም ቤቱ መፍረስ ግድ ሆነበት። ተክሉ ግን ቀረ። አሁን ሁለት ግቢዎችን ሞልቶ በተሠሩለት ዳሶች ላይ ተኝቷል፣ ከተማዋም በየዓመቱ የአበባውን በዓል ታከብራለች። ዊስቴሪያ ቀጥ ብሎ የሚያድገውን ቀንበጥ ባገኘው ነገር ላይ ይጠመጥማል፤ የተጠመጠመው ቀንበጥ ደግሞ በየዓመቱ ይወፍራል። የዝናብ ውኃ ማውረጃ አሸንዳ ወይም ቀጭን የብረት ቱቦ በመሐሉ ካለ ይጨፈለቃል።

ተክሎች የሚወጡበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ድጋፉም እንደ አወጣጣቸው መለያየት አለበት። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ሀረግ ተክሎች ረጅም ጥናት አሳትሞ ነበር። ታሞ ቤት በዋለበት ጊዜ ችግኞቹን በመስኮቱ አጠገብ አስቀምጦ ጫፋቸው በስንት ሰዓት አንዴ እንደሚዞር ይመዘግብ ነበር። የመደባቸው አመዳደብ ዛሬም ይሠራል። አንዱ ወገን ግንዱን ራሱን ይጠመጥማል፤ ዊስቴሪያ ከዚህ ነው። ሌላው እንደ ወይንና ፓሽን ፍሩት ቀጭን መጨበጫ ክር ያወጣል። ይህ ክር ሽቦና ቀጭን እንጨት እንጂ ወፍራም ምሰሶ መጨበጥ አይችልም፤ «ወይኔ ምሰሶውን እንቢ አለ» የሚል ሰው ምሰሶው ላይ ሽቦ ቢወጥር ችግሩ ያበቃለታል። ሦስተኛው በሥሮቹ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ የአዲስ አበባን አጥሮች አረንጓዴ ያለበሰው ባለ ትንንሽ ቅጠሉ ፋይከስ እንዲህ ያለ ነው። እሱ ሽቦ አይፈልግም፣ የሚፈልገው ጤነኛ ግድግዳ ነው፤ ልስኑ ከለቀቀ ሀረጉም ከነልስኑ ይወርዳል። አራተኛው በእሾሁ ሌላው ላይ እየተንጠለጠለ የሚወጣው ነው። ቡገንቪሊያና ሀረግ ጽጌረዳ እዚህ ይመደባሉ። እነዚህ በራሳቸው ምንም ስለማይጨብጡ ካላሰሯቸው ይወድቃሉ። ከሁሉ ይበልጥ የሚረሱትም እነሱ ናቸው፤ እሾሃቸው ስለሚያስፈራ ማንም ገብቶ አያስራቸውም።

ክብደቱን በተመለከተ ግንዱንና ፍሬውን ብቻ መገመት ስህተት ነው። ሀረጉ ቅጠሉን አጥግቦ በቆመበት በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ይመጣል፤ ቅጠል ሁሉ ውኃ ይይዛል፣ ነፋሱም ያን ሁሉ ቅጠል በአንድ ጊዜ ይገፋል። ዳስ በደረቅ ወር ሲወድቅ ብዙም አይታይም። የሚወድቀው በዝናብ ሌሊት ነው፣ መሬቱም ስለራሰ ቋሚው ከነሥሩ ይነቀላል።

ሽቦውም ሌላ ጣጣ አለው፤ ይህን ነገር ብዙ ጎበዝ ብየዳ ሠራተኞችም አያስቡትም። በሁለት ቋሚዎች መካከል 4 ሜትር ሽቦ ተወጥሮ፣ መሐሉ ላይ 20 ኪሎ ቢንጠለጠልና ሽቦው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢረግብ፣ በሽቦው ውስጥ ያለው ጉተታ 200 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከጭነቱ አሥር እጥፍ ማለት ነው። ሽቦው ይበልጥ ቀጥ ብሎ በተወጠረ ቁጥር ጉተታው ይበዛል። የዳሱ ዳርና ዳር ያሉት ቋሚዎች ከዓመታት በኋላ ወደ ውስጥ ያዘነበሉት ሠራተኛው ስለሰነፈ አይደለም፤ ወደ ጎን የሚጎትታቸውን ኃይል የሚመልስ ማገዣ ስላልተሠራላቸው ነው። የዳር ቋሚ በሰያፍ የተቀበረ ደጋፊ እንጨት ወይም ከውጭ የሚስበው መልሕቅ ሽቦ ያስፈልገዋል። የመሐሎቹ ግን የላዩን ጭነት ብቻ ስለሚሸከሙ ቀጠን ቢሉ ግድ የለም።

ድጋፍን በመቀያየር ረጅም ዕድሜ ለኖረ ተክል ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር እንግሊዝ አገር፣ ከለንደን አጠገብ በሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ይገኛል። ጎንደር ላይ አፄ ኢዮአስ ነግሠው በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1768፣ የቤተ መንግሥቱ አትክልት ኃላፊ ላንስሎት ብራውን አንድ የወይን ቁራጭ ተከለ። ወይኑ ዛሬም ያፈራል። ግንዱ ከሥሩ ሲለካ ዙሪያው 4 ሜትር ነው፤ ረጅሙ ክንዱ 36.5 ሜትር ይደርሳል። በአማካይ በዓመት 272 ኪሎ ግራም ያህል ጥቁር ወይን ይሰጣል፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ግን 845 ኪሎ ግራም ሰጥቷል። ዝርያው ጥቁር ሃምበርግ የሚባለው ነው።

ወይኑ የሚኖረው በመስታወት ቤት ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ቤት 18 ሜትር በ4 ሜትር ነበር፤ ወይኑ ሲያድግ ያ ቤት ጠበበው። አሁን የተኛበት መስታወት ቤት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን ከወይኑ በ200 ዓመት ያንሳል። አሮጌው ቤት ሲፈርስ ወይኑ አልፈረሰም፤ ሠራተኞቹ አዲሱን በላዩ ላይ አቆሙለት። ክንዶቹ በጣሪያው ሥር በተወጠሩ ሽቦዎች ላይ በትይዩ ተዘርግተው ይሄዳሉ፤ ፍሬው ቁልቁል ይንጠለጠላል፣ ቅጠሉ ብርሃን ያገኛል። በየብርዱ ወራት እርጥበቱ ከግንዱ ሲወርድና ተክሉ ሲያንቀላፋ ያለፈው ዓመት ቀንበጥ እስከ አንድና ሁለት እምቡጥ ድረስ ይገረዛል። ይህ መግረዝ ለፍሬ ሲባል ነው ተብሎ ይታሰባል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን የድጋፉም ሕይወት ነው። በየዓመቱ ያን ያህል እንጨት ባይቀነስለት የትኛውም ጣሪያ አይችለውም ነበር። ወይኑ የራሱ ጠባቂ አለው፤ ሥራው ከአንዱ ጠባቂ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ከመስታወት ቤቱ ውጭ ሰፊ ባዶ መሬት አለ፣ ምንም አይተከልበትም። ከሥሩ የወይኑ ሥር ስላለ ነው።

እንዲህ ያለ ጠባቂና ገንዘብ ለሌለው ግቢ ግን ምን ይሻላል? አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አሮጌ ግቢ ያየሁትን ልንገራችሁ። የወይን ዳስ ነበር፣ ከቤቱ በረንዳ እስከ ማዕድ ቤቱ የሚደርስ። የቤቱ እመቤት ከሥሩ ወንበር አውጥተው ቡና የሚያፈሉበት ቦታ ነው። ቋሚዎቹ ባህር ዛፍ ነበሩ። ቋሚዎቹን ሊቀይር የመጣው አትክልተኛ ወሩ ጥር እስኪሆን ጠብቆ ነበር፤ ዝናብ የለም፣ ወይኑም ቅጠሉን አራግፏል። በመጀመሪያ ያደረገው ካቻቪት ይዞ በየቋሚው ሥር መንበርከክ ነበር። እንጨት የሚበሰብሰው ከመሬት በታች በጥልቀት አይደለም፣ ከላይም አይደለም፤ አየርና እርጥበት በሚገናኙበት፣ በአፈሩ ልክ ላይ ነው። ካቻቪቱ ጤነኛው ላይ አልገባ አለ፣ የበሰበሰው ላይ እስከ እጀታው ሰመጠ። እመቤቲቱ ሁሉም ተነቅሎ በአንድ ቀን በብረት እንዲተካ ፈልገው ነበር። እሱ «እትዬ» እያለ በትሕትና፣ ግን ሳይበገር፣ ወይኑ ከአሮጌዎቹ ቋሚዎች ጋር አብሮ እንደቆመና ሁሉም በአንዴ ከተነሱ ግንዱ ራሱ እንደሚሰነጠቅ አስረዳቸው።

ከዚያ ቋሚ በቋሚ ሄደ። በአሮጌው ግራና ቀኝ ሁለት ባላ አቆመ፤ ባላው ወይኑን ሳይሆን አግዳሚውን እንዲደግፍ አደረገ፤ አንደኛው ባላ ሥር ጣውላ አንጥፎ የመኪና ክሪክ አስገባ። ክሪኩን የሚያዞረው በጣም በቀስታ ነበር፣ እያቆመም ያዳምጣል። አግዳሚው ከአሮጌው ቋሚ ላይ ወረቀት የምታሳልፍ ያህል ሲነሳ በቃ አለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የጎበጠውን ዳስ ካነሱ አይቀር ወደ ድሮ ቦታው ቀጥ አድርጎ መመለስ ያምራል። ለዓመታት በጎበጠ መልኩ የጠነከረ ግንድ ግን ያን አይቀበልም። ዳሱን ባለበት ይዞ፣ አዲሱን ቋሚ በዚያው ከፍታ ቆርጦ ማቆም ነው።

አዲሱ ቋሚ የገባው አሮጌው ጉድጓድ ውስጥ አይደለም፤ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ የወይኑ ወፍራም ሥር በሌለበት በኩል ነው። ኮንክሪቱ ከአፈሩ በላይ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ውኃው እንዲወርድ ዙሪያው ተዳፋት ተደርጎ ነበር። ብረቱም ሆነ እንጨቱ አፈር ሳይነካ ከኮንክሪት ላይ እንዲቆም ማድረግ ከየትኛውም ቀለም ይበልጣል። በየመንደሩ የለመድነው የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ምስጡን ያርቅ ይሆናል፤ አፈሩንና የምንበላውን ፍሬ ሥር ግን ይበክላል፣ ለሚበላ ተክል ድጋፍ ባይውል እመርጣለሁ። ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ባላዎቹና ክሪኩ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ቀጣዩ ቋሚ ተሻገረ።

የመጨረሻው ሥራ ማሰሪያው ነበር። የድሮው በጥቁር ሽቦ ታስሮ ነበር፣ ሽቦው በአንዳንድ ቦታ ልጡ ውስጥ ጠፍቷል። ከልጡ ሥር ቅጠሉ የሠራውን ምግብ ወደ ሥር የሚያወርድ ስስ ሽፋን አለ፤ ሽቦ ይህን ሲያንቅ ከማሰሪያው በላይ ያለው ግንድ ያብጣል፣ ከበታቹ ያለው ይራባል። ሥሩ ሲራብ ደግሞ ዓመታት ቆይቶ ሁሉም ይደክማል፣ ባለቤቱም በሽታ ፍለጋ ይሄዳል። አትክልተኛው ግንዱ የዋጠውን ሽቦ አልጎተተም። የሚታየውን ጫፍ ቆርጦ የገባውን እዚያው ተወው፤ መጎተት ልጡን መግፈፍ ነውና። በምትኩ ከብስክሌት ከመነዳሪ ሰፋ ያለ ጥብጣብ ቆርጦ በስምንት ቁጥር ቅርጽ፣ በግንዱና በሽቦው መካከል አጠላልፎ አሰረ። ከመነዳሪ ይለጠጣል፣ አያርድም፣ ዋጋውም ምንም ነው። ያም ሆኖ በየዓመቱ ሁሉም መፈተሽ አለበት፤ ለዘለዓለም የሚያገለግል ማሰሪያ የለም።

በግድግዳና በሽቦ ላይ ተዘርግተው የሚያድጉ የፍሬ ዛፎች ታሪክ ከዚህ ይለያል፣ ግን ጥያቄው ያው ነው። ዛፉ በራሱ መቆም ይችል ነበር፤ እንዲደገፍ ያደረገው ሰው ነው። ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ጉልበቱን ወደ ጫፉ ይልካል፣ ይረዝማል። ወደ ጎን ሲጋደም የጫፉ አዛዥነት ይቀንስና በርዝመቱ ሁሉ የፍሬ እምቡጥ ያወጣል። ይህን ጠንቅቀው ያወቁት ፈረንሳዮች ናቸው። ዣን ባፕቲስት ደ ላ ኪንቲኒ እ.ኤ.አ. ከ1678 እስከ 1683 በቬርሳይ ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ የሠራው የንጉሥ አትክልት ቦታ የተከፋፈለው በግንብ ነው፣ በግንቦቹ ላይም ዛፎች ተዘርግተው ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የንጉሡ ሳይሆን የገበሬዎቹ ነው። ከፓሪስ በስተምሥራቅ ሞንትሩይ የምትባል ቦታ ገበሬዎች ኮክ ለማብቀል ግንብ በግንብ ላይ ሠሩ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የግንቦቹ ርዝመት ሲደመር 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሶ ነበር። ኮክ የሞቀ አገር ፍሬ ነው፣ ፓሪስ ቀዝቃዛ ናት። ግንቡ ቀን የፀሐይን ሙቀት ይጠጣና ሌሊት ለዛፉ ይመልሳል። ልስኑ እዚያው ከሚቆፈር ጄሶ ነበር፣ ለስላሳ ስለሆነም ሚስማር በየትኛውም ቦታ ይቀበላል። ቀንበጡን በጨርቅ ቁራጭ ጠቅልለው ጨርቁን በሚስማር ግንቡ ላይ ይመቱታል። ሽቦ አያስፈልግም፤ የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች ትራፊ በሙሉ ማሰሪያ ይሆናል። በኋላ የባቡር ሐዲድ ከደቡብ ፈረንሳይ ርካሽ ኮክ ሲያመጣ ገበያው ጠፋ። ጄሶ ልስን ደግሞ በየጊዜው ካላደሱት ዝናብ ያጥበዋል፤ ግንቦቹ ረገፉ፣ ዛፎቹም አብረው ሄዱ። ዛሬ የቀረው ጥቂት ነው፣ ፈቃደኞች እየጠገኑት ነው።

የእኛን አገር ደጋ ገበሬ የሚመለከተው ፖም ነው። ጋሞ ውስጥ ጨንቻ ሚስዮናውያን ካስገቡት ወዲህ ፖም የገበሬው ገቢ ሆኗል፣ የተዳቀለ ችግኝም ከዚያ ወደ ብዙ ደጋ ወረዳዎች ሄዷል። የፖም ቁመት የሚወሰነው በተዳቀለበት ሥር ነው። ኤም 9 የሚባለው፣ እንግሊዝ አገር ኢስት ሞሊንግ ጣቢያ የተመረጠው ሥር፣ ዛፉን አጭርና ቶሎ አፍሪ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ሥሩ ደካማና ተሰባሪ ስለሆነ ዛፉ ዕድሜውን ሙሉ ደጋፊ እንጨት ይሻል። ችግኝ የሚገዛ ሰው ዝርያውን ብቻ ሳይሆን ሥሩንም ይጠይቅ። በራሱ የሚቆም ሥር ላይ የተዳቀለ ከሆነ ግን ተቃራኒው ይሻላል፤ ደጋፊውን ዝቅ አድርጎ፣ ከቁመቱ ሲሶ ላይ አስሮ፣ ግንዱ በነፋስ እንዲወዛወዝ መተው። የሚወዛወዝ ግንድ ይወፍራል፤ እስከ አናቱ ጥፍር ተደርጎ የታሰረ ግን ቀጭን ሆኖ ይቀርና ማሰሪያው በተፈታ ቀን ይጎብጣል።

ፍሬ ለበዛበት ቅርንጫፍ ባላ ማስገባት አያቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው። የባላው አፍ በጆንያ ይጠቅለል፤ ባዶ እንጨት ልጡን ይፈገፍጋል። ጃፓኖች ለፖም ሌላ ዘዴ ነበራቸው፤ በዛፉ መሐል አንድ ረጅም ምሰሶ አቁመው ከጫፉ ወደ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ገመድ ያወርዳሉ። በካናዛዋ ከተማ፣ ኬንሮኩየን በሚባለው የአትክልት ቦታ፣ በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1 ጀምሮ በዚሁ መንገድ ጥዶቹን ከበረዶ ክብደት ይከላከላሉ። በእኛ ግቢ አንድ አቮካዶ ወይም ብርቱካን ለማዳን ይህ ዘዴ ከአሥር ባላ ይሻላል፣ ከሥሩም መሄጃ ቦታ አይዘጋም።

ዳሱ ቀድሞ ከወደቀስ? በማግስቱ መጥረቢያ አይነሳ። በመጀመሪያ ሥሩ ከመሬት ጋር መያያዙ ይታይ፤ ከተያያዘ ተክሉ ሕያው ነው። ቅጠሉና ቀጫጭኑ ቅርንጫፍ ይቀነስ፣ ክብደቱ ይቀንሳል። የተሰነጠቀ ወፍራም ግንድ ቁስሉ ገና ትኩስ ሳለ ከተገጠመ ሊይዝ ይችላል፤ በሮንዴላና በቡሎን በኩል ለበኩል ተበስቶ ቢጠብቅ ዙሪያውን በሽቦ ከመታነቅ ይሻላል። የቀረው በባላ ተነስቶ ጥቂት ጥቂት እየተባለ በሳምንታት ይቃና። ወይንና ቡገንቪሊያ ከአሮጌ እንጨት ያቆጠቁጣሉ፤ እስከ ወገባቸው ቢቆረጡም ይመለሳሉ፣ ጠፋ የሚባለው የአንድና የሁለት ዓመት ፍሬና አበባ ነው። ኮክ ግን ከአሮጌ እንጨት እምብዛም አያወጣም። ስለዚህ በኮክ ላይ ባላው የሚቆመው ቅርንጫፉ ሲጎብጥ ሳይሆን ፍሬው ገና የአውራ ጣት ያህል ሳለ ነው፤ በዚያው ቀን ከሚነካኩት ፍሬዎች ግማሹ ይልቀም።